ቆሎ የተጠቀለለበት ገጽ

ሲላስን በሥራ ቦታ አንቱ እለዋለሁ። አለቃዬ ነው፣ በዕድሜም ይበልጠኛል። እዚህ ግን አልለውም። አዴ ገለቴን ከሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራቸው አንስቶ የጎማና የቀለም መጋዘን ውስጥ የወረወረ ሰው ከእኔ ብዕር አንቱታ አያገኝም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ተናድጄ እየጻፍኩ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው። ነገሩ ከሆነ አምስት ሳምንት አልፎታል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

እኔ ኤርምያስ እባላለሁ፤ የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ። አዴ ገለቴ ገርባ (አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው) ቡራዩ ጎረቤቴ፣ ቦሌ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። የምንሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው፣ ስሙን አልጠራም። በሽተኛና የእርዳታ ሠራተኛ ወደ ሩቅ ወረዳ የሚያመላልሱ ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉት። እኔ እፈታቸዋለሁ፣ እገጥማቸዋለሁ። አዴ ገለቴ ደግሞ እንዴት እንደሚፈቱና እንደሚገጠሙ የሚናገሩትን መጻሕፍት ይይዛሉ።

አንድ ጊዜ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ የአባላትን ሥራ ሲመዘግብ "የመጻሕፍት ጠባቂ ነኝ" ቢሉት "ዘበኛ" ብሎ ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እሳቸው መዝገቡን አስመጡ፣ አሰረዙ፣ ትክክለኛውን በእጃቸው ጻፉ፣ ከጎኑም ቀን ጻፉበትና ፈረሙ። ጸሐፊው እስከ ዛሬ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ሥራው ምን እንደሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ለምን እንደምናደድ አይገባችሁም። እያንዳንዱ አውሮፕላን የጥገና መመሪያ አለው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ዘንድ ዛሬ ሁሉም በታብሌት ነው ይባላል። የእኛዎቹ አውሮፕላኖች አሮጌ ስለሆኑ መመሪያቸው አሁንም ወረቀት ነው፤ አሥራ ሁለት ወፋፍራም ክላሰር። የትኛው ቡሎን በምን ያህል ጉልበት እንደሚጠብቅ፣ የቱ ክፍል በስንት ሰዓት በረራ እንደሚታይ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ታዲያ ፋብሪካው ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሆነ አገር አንድ ነገር ሲሰበር፣ ሲሰነጠቅ፣ መመሪያውን ያርማል። በየጥቂት ወሩ አንድ ወፍራም ፖስታ ይመጣል፤ ውስጡ አዳዲስ ገጾችና አንድ ዝርዝር። ይህ ገጽ ይውጣ፣ ይህ ይግባ ይላል ዝርዝሩ። በየገጹ ግርጌ ቀን አለ። የተለወጠው ቃል ጎን ደግሞ በጠርዙ ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ይሰመራል።

አዴ ገለቴ አሮጌውን ያወጣሉ፣ አዲሱን ያስገባሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የወጣው ገጽ ላይ "የተሻረ" የሚል ቀይ ማኅተም ይመታሉ፣ ጥጉን በመቀስ ይቆርጣሉ። ሁሉም ሲያልቅ ክላሰሩ መግቢያ ላይ ቀን ጽፈው ይፈርማሉ። አንድ ፖስታ አራት ቀን ይፈጅባቸዋል። አንድ ገጽ ቢሳሳቱ መካኒኩ የተሳሳተውን ነገር ልክ ነው ብሎ አምኖ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ አስቡት።

ጫንጮ የተወለዱ የገበሬ ልጅ ናቸው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ መጡ፣ ኋላም አውሮፕላን በሚጠገንበት አዳራሽ፣ ሃንጋሩ ውስጥ፣ ለጽዳት ተቀጠሩ። የዚያን ጊዜ መጻሕፍቱን የሚይዙት ጋሽ ዳኜ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ የገጽ ቁጥር የሚያነብላቸው ሰው ፈለጉ፤ መጥረጊያ ይዛ የቆመችው የጫንጮ ልጅ አነበበችላቸው። እንግሊዝኛውን የተማሩት ከዚያው ክላሰር ላይ ነው። ስለዚህ የአዴ ገለቴ እንግሊዝኛ ለሰላምታ አይሆንም፣ የቡሎን ዓይነት ግን አንድም አያመልጠውም። ጋሽ ዳኜ ሲያርፉ ወንበሩን ወረሱ፤ ይኸው ሃያ ዘጠኝ ዓመት። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሰበታ አግብታለች። እናቷ ቤት ስትመጣ ትስቃለች፣ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ቀን፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ቀን፣ የበርበሬው ዕቃ ላይ ሳይቀር ቀን ተጽፏል።

እኛን መካኒኮቹን የሚቆጡን በአንድ ነገር ነው፤ በግራሶ። እጃችንን ሳንጠርግ ገጽ ስለምንገልጥ በየገጹ ላይ አውራ ጣታችን ታትሞ ይቀራል። የማን ጣት የትኛው ገጽ ላይ እንዳረፈ ያውቃሉ። "ይቺ የዲኖ ናት፣ ይቺ ያንተ ናት፣ ኤርሚ" ይሉኛል፤ "እጅ መጥረጊያ የሚባል ነገር እናንተ አገር አልገባም?" እኔ ደግሞ አሾፍባቸው ነበር። ስንት ዓመት አንድ ዓይነት አውሮፕላን ስፈታ ኖሬ ግማሹን መመሪያ በቃሌ እንደማውቀው እነግራቸዋለሁ። እሳቸው "በቃልህ የያዝከው የትኛውን ቀን ነው?" ብለው ይጠይቁኛል። ይህን እንደ ቀልድ ነበር የምቆጥረው።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ። ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው። የአዴ ገለቴ ታናሽ ወንድም ኦዳ፣ ጫንጮ የአባታቸውን መሬት ያርስ የነበረው፣ ጠዋት ከብት ሲያወጣ ወድቆ ቀረ። የደወለችው የወንድማቸው ልጅ ናት። "ኤርሚ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ራስህ ወደ ቤታቸው አምጣቸው። ሰው ቤታቸው ተሰብስቦ ይጠብቃል" አለችኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ቢሮ ውስጥም አይነገርም። ሰው ዘመዶቹ መሀል ሆኖ ነው መስማት ያለበት። እስከዚያ ድረስ የሚያመጣው ሰው ይዋሻል፤ ወጉ እንዲህ ነው።

ቢሯቸው ስገባ የአዲሱን ፖስታ ሥራ ጀምረው ግማሽ አድርሰዋል። ምዕራፍ ሠላሳ ሁለት ላይ ነበሩ፣ ስለ አውሮፕላኑ እግር የሚናገረው ላይ። አዲሶቹን ገጾች አስገብተው ክላሰሩን ዘግተዋል። የወጡት አራት አሮጌ ገጾች ጠረጴዛው ላይ ተደርበው ማኅተም ይጠብቃሉ። እስክሪፕቶው እጃቸው ላይ ነው።

"አዴ ገለቴ፣ ቤትዎ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ገብቷል አሉ። ኑ እንሂድ።"

"ዛሬ እኮ የእኛ ሰፈር የውሃ ተራ አይደለም" አሉ።

ቡራዩ ውስጥ ውሃ በሳምንት አንዴ ብቻ እንደሚመጣ እንኳ ረስቼ ነው የዋሸሁት። "መጥቶ ነው የፈነዳው" አልኩ።

"ቆይ እንግዲያ፣ ምልክቷን ላድርግና፣ ማኅተሙንም ልምታና።"

"ተመልሰው ያደርጉታል። አንድ ሰዓት አይፈጅም።" ቦርሳቸውን አንስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። እስክሪፕቶውን አስቀመጡ። አሁን ሳስበው ያቺ አንዲት ምልክት ስንት ሰከንድ ትወስድ ነበር? ሦስት? አራት? እኔ ግን ቸኮልኩ፣ ምክንያቱም ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ነበር።

አሸዋ ሜዳ ስንደርስ ታክሲው ውስጥ "ኦዳ ነው?" አሉኝ። ለቧንቧ ቦርሳ ይዞ የሚሮጥ ሰው እንደሌለ ገብቷቸዋል። "አይደለም፣ ቧንቧ ነው" አልኩ ደግሜ። 

ቅዳሜ ጫንጮ ቀበርን። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ እጄን ይዘው ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ምዕራፍ ሠላሳ ሁለትን ማንም እንዳይነካ በላቸው።" እሺ አልኳቸው።

እሳቸው ወንድማቸውን ሲቀብሩ ሲላስ ቢሮ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር? ሰኞ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። የፖስታው ሥራ ግን አላለቀም። "ሠራተኛችን ኀዘን ላይ ናቸው፣ እርማቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠናቀቃል" ብሎ አንዲት መስመር ቢጽፍ ማንም አይቀጣውም፤ ይህ የተለመደ ነው። እሱ ግን ጸሐፊያችንን ዕድላዊትን ጠርቶ "ይህንን ዛሬ ጨርሺ" አላት። ዕድላዊት ደብዳቤ ልትጽፍና ስልክ ልታነሳ የተቀጠረች ልጅ ናት። በገጹ ግርጌ ያለችው ቀን ምን እንደሆነች የነገራት ሰው የለም። ዝርዝሩን አየች፣ ምዕራፍ ሠላሳ ሁለት ምልክት የለበትም። ጠረጴዛው ላይ አየች፣ በሥርዓት የተደረቡ አራት ገጾች አሉ፣ ማኅተም የላቸውም። እንግዲህ የሚገቡት እነዚህ ናቸው አለች። ክላሰሩ ውስጥ ያሉትን አዲሶቹን አወጣች፣ አሮጌዎቹን መልሳ አስገባች። ምልክት አደረገች። የቀረውን የሁለት ቀን ሥራ በግማሽ ቀን ጨረሰችው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፊርማውን ግን እሷ አልፈረመችም። በአዴ ገለቴ ስም የፈረመው ሲላስ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ መልእክቱን ይዤ ሲላስ ቢሮ ገባሁ። "አዴ ገለቴ ምዕራፍ ሠላሳ ሁለት አይነካ ብለዋል" አልኩት። "አልቋል እኮ፣ ቁጥጥሩንም አልፈናል፣ ምን አስጨነቀህ?" አለኝ እየሳቀ። ልወጣ ዞርኩ። በሩ አጠገብ የወረቀት ቆሻሻ የሞላበት ከረጢት ነበር። እንደ ወትሮው አንስቼ ቡራዩ ይዤው ሄድኩ። ታክሲ መያዣው ጋ ቆሎ የምትሸጥ ዱርሲቱ የምትባል ሴት አለች፤ ያለፈበት ካላንደርና የተበላሸ ፎርም ለመጠቅለያ እወስድላታለሁ። አዴ ገለቴም ያውቃሉ። የመመሪያ ገጽ ግን በፍጹም ከቢሮ አይወጣም፣ እሳቸው ካሉ። ከረጢቱን ሳላየው ነው የሰጠኋት።

ረቡዕ ከሦስቱ አውሮፕላኖች የአንዱን ግራ እግር ፈታሁ። ዋናውን ቡሎን አወጣሁ፣ አጸዳሁት፣ በመብራት አየሁት፣ መልሼ አሰርኩት። የሥራ ካርዱ ላይ "በመመሪያው መሠረት ተሠርቷል" ብዬ ፈረምኩ። አውሮፕላኑ ለእሑድ ጠዋት በረራ ተዘጋጀ።

ሐሙስ አዴ ገለቴ ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። ጠረጴዛቸው ተጠርጓል፣ ዝርዝሩ በሙሉ ምልክት ተደርጎበታል፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ያልፈረሙት ፊርማቸው አለ። እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። አልጮኹም። ሲላስ ቢሮ ገብተው በሩን ሳይዘጉ "በሕይወት እያለሁ ነው የፈረምክልኝ፤ ስሞት ምን ልታደርግ ነው?" አሉት። እሱ "ውለታ ዋልኩልዎ እንጂ" አላቸው። ወጥተው ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንስተው እያንዳንዱን ገጽ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። የሠላሳ ሁለትን አዲስ ገጾች በእጃቸው አስገብተው ስለነበር ተራው እስኪደርስ አልቸኮሉበትም፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ ምዕራፍ ሃያ ሰባትን ጨርሰው ነበር። የቀረውን ሰኞ እቀጥላለሁ ብለው ቆለፉ።

ቅዳሜ የምንሠራው ግማሽ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ደርሰን ባጃጅ ስንጠብቅ ዱርሲቱ ጋ ቆምን።

"አካም ኦልተን፣ አዴ ገለቴ። ኦዳን ነፍስ ይማር" አለች ዱርሲቱ። ገብስና ሽምብራውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ዘግነው ለእኔ ሰጡኝና ወረቀቱን ዝቅ ሲያደርጉ እጃቸው ቀጥ አለ።

ቆሎውን ቦርሳቸው ውስጥ ገለበጡት። ወረቀቱን ዘረጉት፣ ጭን ላይ እንደተዘረጋ ልብስ በመዳፋቸው አስተካከሉት። ጥጉ አልተቆረጠም። ቀይ ማኅተም የለበትም። ግርጌውን አዩ።

"ኤርሚ፣ ይሄ አዲሱ ነው" አሉ። "ዓርብ በእጄ ያስገባሁት። እዚህ ምን ይሠራል?"

አነበብኩት። ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር አለ። ከመስመሩ ጎን ያለው የእግሩ ዋና ቡሎን ነው። አንዴ ከተፈታ ተመልሶ እንዳይታሰር፣ በአዲስ እንዲተካ ይላል። ድሮ አጽድተህ አይተህ መልሰህ እሰር ነበር የሚለው። 

"ረቡዕ የፈታኸው የቱን ነው?" አሉኝ።

"ይሄንኑ።"

"አዲስ ቡሎን ከመጋዘን አወጣህ?"

"አላወጣሁም። መልሼ አሰርኩት።"

እንግዲህ ነገ ጠዋት በዚያ ቡሎን ላይ በሽተኛ ተጭኖ፣ አብራሪ ተቀምጦ፣ አውሮፕላኑ የሆነ ወረዳ የጠጠር ሜዳ ላይ ሊያርፍ ነው። አዴ ገለቴ ወደ ዱርሲቱ ዞሩ። "ያለሽን ወረቀት ሁሉ አምጪ፣ የእኔ እህት።" ዱርሲቱ ግራ ገብቷት የጠቀለለችውን ቆሎ ሁሉ ወደ ሳፋው መልሳ ወረቀቱን ሰጠችን። ከአራቱ ገጾች ሁለቱን አገኘን። የቀሩት ከገዢ ጋር ሄደዋል። ማን ያውቃል፣ አንዱ ሱሉልታ በሚሄድ ሚኒባስ ወለል ላይ ተረግጦ ይሆናል። ወዲያው ታክሲ ይዘን ወደ ሃንጋሩ ተመለስን።

ሲላስ እዚያው ነበር፤ የነገውን በረራ ወረቀት ያዘጋጃል። አዴ ገለቴ አላናገሩትም። ክላሰሩን አወረዱ፣ ምዕራፍ ሠላሳ ሁለትን ከፈቱ። አሮጌው ገጽ ነበረ። ቆሎ የተጠቀለለበትን አጠገቡ ዘረጉት። ከዚያ አሮጌውን ገጽ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ጣታቸውን በጠርዙና በጥጉ ላይ አሳለፉ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። 

ሲላስ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ገረጣ፣ ወዲያው ግን መላ ፈለገ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው ነገር የአውሮፕላኑ ጉዳይ አልነበረም። "ማንም አላየም አይደል?" ነው ያለው። ቀጠለ። "ገጹን አሁን አስገቢው። ቡሎኑን ሰኞ እንቀይረዋለን። ለነገ አንድ በረራ ምንም አይሆንም፣ ስንት ዓመት በአሮጌው አሠራር በርሯል።" ሲጨንቀው አንቺ ይላቸዋል።

"ነገ አይበርም" አሉ።

"አንቺ ነሽ የምትወስኚው?"

"እኔ አይደለሁም። ኤርሚ፣ ፊርማህን አንሳ።"

የሥራ ካርዱን አወጣሁ፣ ፊርማዬ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ፣ ቀን ጻፍኩ። መካኒኩ ፊርማውን ካነሳ አውሮፕላኑ ሕጋዊ አይደለም፤ ማንም አብራሪ አይነሳበትም። ሲላስ ጠረጴዛውን መታ። በሽተኛው ቢሞት በእናንተ አንገት ነው አለን። በሽተኛውን እሑድ ጠዋት ሌላ ድርጅት ወሰደው፣ ደኅና ደርሷል። ይህን ሲላስ ለማንም አይናገርም።

ሰኞ ቡሎኑ ተለወጠ። አሮጌው ተመረመረ። ስንጥቅ የለበትም። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሲላስ ስብሰባ ላይ ቡሎኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ከፍ አደረገው። "ድርጅቱን በረራ ያሳጣው ይሄ ነው፤ ምን አለበት?" አለ። ሰዎች ሳቁ። ስንጥቅ ስላልተገኘ ጥፋቱ እንደሌለ ሆነ። ቀበቶ ሳታስር ተጉዘህ ስላልተጋጨህ ቀበቶ ከንቱ ነው እንደማለት ነው።

ከስብሰባው በፊት ለአዴ ገለቴ ሁለት ምርጫ አቅርቦላቸው ነበር፣ በሬ እንደሚሸጥ ሰው እያግባባ። አንደኛው፣ አዲሱ ገጽ ከዓርብ ጀምሮ ክላሰሩ ውስጥ ነበረ ብለው ይፈርሙ። ያኔ መመሪያውን የጣሰው እኔ እሆናለሁ፣ ፈቃዴ ይታገዳል፣ ቢሮው ንጹሕ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ምንም አይጻፍ፣ ሁላችንም እንርሳው። ጡረታቸው ሁለት ዓመት እንደቀረው አስታወሳቸው።

አዴ ገለቴ በራሳቸው እጅ ሪፖርት ጻፉ፣ አንዱን ለእሱ ሰጡ፣ ቅጂውን ለተቆጣጣሪዎቹ መሥሪያ ቤት ራሳቸው ወሰዱ። እንዲህ ይላል፦ "ዓርብ ዕለት አዲሶቹን ገጾች ካስገባሁ በኋላ ምልክት ሳላደርግ፣ በወጡት ላይም ማኅተም ሳልመታ፣ ቢሮውን ሳልቆልፍ ሄጃለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ቅዳሜ በስሜ የተፈረመው ፊርማ የእኔ አይደለም። ረቡዕ ክላሰሩ ውስጥ የነበረው አሮጌው ገጽ ነው።" ስለ መርዶው አልጻፉም። በቧንቧ ወሬ ጎትቼ ያወጣኋቸው እኔ መሆኔንም አልጻፉም።

ውሳኔው በሁለት ሳምንት መጣ። አዴ ገለቴ "ቁጥጥር የሚደረግበትን ሰነድ ያለ ጥበቃ በመተው" ወደ መጋዘን ተዛወሩ፤ ራሳቸው አምነው ጽፈዋላ! ሲላስ በስማቸው ስለመፈረሙ "በቅን ልቦና የተፈጸመ አስተዳደራዊ ስህተት" ተባለ፤ የጽሑፍ ማሳሰቢያ ተሰጠው። ዕድላዊት መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ማንም ሳይወቅሳት ራሷን የወቀሰች እሷ ብቻ ናት። እኔስ? ስለ እኔ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "መካኒኩ ፊቱ የነበረውን ገጽ ተከትሎ ስለሠራ ጥፋት የለበትም።" እንዲያውም ፊርማዬን በወቅቱ በማንሳቴ ተመሰገንኩ።

አሁን አዴ ገለቴ ጎማ ይቆጥራሉ። ክላሰሮቹ ዕድላዊት ጠረጴዛ ጀርባ ናቸው። ልጅቷ በምሳ ሰዓት መጋዘን እየወረደች ትጠይቃቸዋለች፣ እሳቸውም ያሳዩዋታል፤ ሲላስ ይህንን አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ድሮው ዱርሲቱ ጋ ቆመን ነበር። ዱርሲቱ አሁን በፌስታል ነው የምትሰጠው፣ ወረቀት ፈርታለች። እኔ ስለ ሲላስ መራገም ጀመርኩ፣ እንደ ሁልጊዜው። እሳቸው ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ። ንግግሬን ስጨርስ ፌስታሉን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ የያዘኝ ነገር ወጣ።

"አዴ ገለቴ፣ ረቡዕ ዕለት ክላሰሩን አልከፈትኩም" አልኳቸው። "በቃሌ ነው የሠራሁት። አዲሱ ገጽ እዚያ ቢኖርም አላየውም ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"አሮጌው ገጽ ላይ ትኩስ ጣት አልነበረም እኮ። የድሮ የደረቀ ጣት ብቻ ነው ያለበት። ቡሎን ፈትተህ፣ በዚያ እጅህ፣ ገጽ ገልጠህ ግራሶ አለማስነካት አንተ? ያን ቀን እንዳየሁት አወቅሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጻፉትም? ቢጽፉት ኖሮ..."

"እኔ የእኔን ጻፍኩ" አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር። "ያንተን እኔ ከጻፍኩማ ከሲላስ በምን እለያለሁ? በሰው ስም መፈረም ነው። ፌስታሉን ያዝልኝ፣ ባጃጁ መጣ።"

ቤቴ ገብቼ ይህንን መጻፍ ጀመርኩ። ስጀምር ሲላስን ላዋርድ ነበር፣ እንዳያችሁት አዋርጄዋለሁም፣ ይገባዋል። ግን ስጽፍ ስጽፍ፣ ቧንቧው የእኔ ውሸት፣ ከረጢቱ የእኔ እጅ፣ ቡሎኑ የእኔ ሥራ ሆኖ አገኘሁት። አምስት ሳምንት ሙሉ በሲላስ ላይ የጮህኩት ይህ እንዳይሰማ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ነቅዟል።

ስለዚህ ከዚህ ገጽ ሌላ አንድ አጭር ገጽ ጽፌያለሁ። "ረቡዕ ዕለት የግራውን እግር ስሠራ የጥገና መመሪያውን አልከፈትኩም። በመመሪያው መሠረት ተሠርቷል ብዬ የፈረምኩት ሐሰት ነው። ወይዘሮ ገለቴ ገርባ ምልክት ሳያደርጉ የወጡት እኔ አስቸኩያቸው ነው" ይላል። ፈቃዴን ሊያግዱት ይችላሉ፤ የማውቀው ሌላ ሥራ የለኝም። ሰኞ ጠዋት አንዱን ለሲላስ፣ አንዱን ለተቆጣጣሪዎቹ እሰጣለሁ። ከታች ስሜን ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ቀኑንም ጽፌበታለሁ።